ከቀይ ብርሃን ወዲያ ያለውን ጨረር ሥራ ላይ የማዋል ታሪክ፤ ለደሴና ለኮምቦልቻ የሚያነሣው ጥያቄ

1. መነሻ

ስለ ፀሐይ ኀይል በሚነገርበት ጊዜ ኢትዮጵያ የዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለቤት ናት የሚለው አባባል ሳይነሣ አይቀርም። አባባሉ እንግዳ ለመጋበዝ የወጣ መፈክር እንጂ የፊዚክስ መለኪያ አይደለም። ለተማሪ የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ከሚወርደው ብርሃን ስንቱ ሥራ ይሠራል? ስንቱስ ሥራ ሳይሠራ ያልፋል? የሚል ነው።

ዛሬ በገበያ የሚገኘው የሲሊኮን የፀሐይ ሰሌዳ ከሚያርፍበት የብርሃን ኀይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከአምስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለውን ነው። ከሚባክነው ውስጥ አንዱ ክፍል በተለይ ያስቆጫል። ከጠቅላላው የፀሐይ ኀይል አንድ አምስተኛ የሚሆነው፥ ብርሃን በመስታወት ውስጥ እንደሚያልፍ ሁሉ፥ በሲሊኮኑ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ይህ ክፍል ዐይናችን የማያየው፥ ከቀይ ብርሃን ወዲያ ያለውና በመጻሕፍት ታሕተ ቀይ የሚባለው ጨረር ረዥም ሞገድ ያለው ወገን ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚተርከው ያንን የሚያልፈውን ጨረር ሴሉ ሊቀበለው ወደሚችለው ብርሃን ለመለወጥ የተደረገውን ጥረት ነው። ዓላማችን የሊቃውንትን ስምና ዓመተ ምሕረት መደርደር ብቻ አይደለም። ከታሪኩ ውስጥ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይወጣል፤ ያም ጥያቄ ከደሴ ከፍታና ከኮምቦልቻ ሜዳ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሆኖ አግኝተነዋል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

2. የማይታየው ጨረር መገለጥ

በ1800 ዊልያም ሄርሸል የተባለው በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረ የከዋክብት ተመራማሪ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፍሎ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ። የእያንዳንዱ ቀለም የማሞቅ ኀይል ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ፈልጎ ነበር። ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም ብርሃን በማይታይበት ስፍራ ያኖረው ቴርሞሜትር ግን ከሁሉ ይልቅ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዐይን የማያየው ነገር ግን የሚያሞቅ ጨረር መኖሩ በዚህ ታወቀ። መሣሪያው እጅግ ተራ እንደነበረ አንባቢ ልብ እንዲል እናሳስባለን፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ከዚያ ወዲህ በ1852 ጆርጅ ስቶክስ በኪኒን ውሕድ ላይ ያደረገውን ምርመራ አወጣ። ኪኒን የተሟሟበት ውሃ ከሐምራዊ ወዲህ ማዶ ያለውን የማይታይ ጨረር ሲቀበል ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ስቶክስ ከዚህ የተነሣ አንድ ሕግ ደነገገ፤ አንድ ነገር ብርሃን ተቀብሎ መልሶ ሲሰጥ፥ የሚሰጠው ብርሃን ከተቀበለው ይልቅ ረዥም ሞገድ ያለው ይሆናል። በዛሬው አነጋገር፥ የሚወጣው ከገባው ያነሰ ጉልበት አለው ማለት ነው። ከፍ ያለው ይወርዳል እንጂ ዝቅ ያለው አይወጣም። ይህ የስቶክስ ሕግ ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ድንበር ሲታይ ኖረ። የምንተርከው ታሪክ የዚያ ድንበር የመሻገር ታሪክ ነው።

3. የፀሐይ ሴል ልደት

ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ እንደሚችል በመጀመሪያ ያስተዋለው ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል ነው። በ1839 በአሲድ ውስጥ በተነከሩ የብረት ገጾች ላይ ብርሃን ሲያርፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት አየ። በ1873 ዊሎቢ ስሚዝ ሰለንየም የሚባለው ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያገኝ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው እንደሚለወጥ ገለጸ፤ በ1876 ደግሞ አዳምስና ዴይ ሰለንየም በብርሃን ብቻ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አሳዩ። በ1883 ገደማ በኒው ዮርክ ቻርልስ ፍሪትስ ሰለንየሙን በስስ የወርቅ ቅጠል ሸፍኖ የመጀመሪያውን የፀሐይ ሴል ሠራ። የመለወጥ ብቃቱ ከመቶ አንድ ያህል ነበር።

ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1882 ወሎ ሠፍረው ሳሉ በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደስተው ከተማውን ደሴ ብለው ሰየሙት እየተባለ ይነገራል። እንግዲህ የፀሐይ ሴልና ደሴ የሚለው ስም በዕድሜ እኩያ ናቸው ለማለት ይቻላል።

የነገሩን ምክንያት ያብራራው አይንሽታይን ነው። በ1905 ባወጣው ጽሑፍ ብርሃን ቅንጣት በቅንጣት ሆኖ እንደሚመጣና የእያንዳንዱ ቅንጣት ጉልበት በሞገዱ ርዝመት እንደሚወሰን አስረዳ። ሞገዱ አጭር የሆነ ቅንጣት ጉልበቱ ብዙ ነው፤ ሞገዱ የረዘመ ጉልበቱ ጥቂት ነው። ይህ ቅንጣት ፎቶን ተብሏል።

በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ቻፒን፥ ፉለርና ፒርሰን የሲሊኮን ሴል ሠርተው በሚያዝያ 1954 ለሕዝብ አሳዩ። ብቃቱ 6 በመቶ ያህል ነበር። በ1958 ወደ ሰማይ የወጣችው ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት በሲሊኮን ሴል እየተረዳች እስከ 1964 ድረስ ምልክት ስታስተላልፍ ቆየች። በ1961 ደግሞ ሾክሌይና ኩዊሰር የአንድ ሴል ብቃት ከምን ሊያልፍ እንደማይችል በሒሳብ አሰሉ። የሲሊኮንን ለመሰለ ሴል ያገኙት ወሰን 30 በመቶ ነበር። ዛሬ በምድር ላይ በሚገኘው የፀሐይ ብርሃን ሲሰላ ከሁሉ የተስማማው ሴል ወሰን 33.7 በመቶ ይሆናል።

4. የበሩ ደፍ

ይህ ወሰን ከየት መጣ? ሲሊኮን ከፊል አስተላላፊ ነው። በውስጡ ያለው ኤሌክትሮን ከታሰረበት ተነሥቶ ነጻ ለመሆን 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያስፈልገዋል። ይህን መጠን የኀይል ደፍ ብንለው ያስማማል፤ ከደፉ በታች የሆነ አይገባምና። ሞገዱ ከ1,100 ናኖሜትር በጣም የረዘመ ፎቶን ይህን ጉልበት አያሟላም፤ ስለዚህ አልፎ ይሄዳል። ከደፉ በላይ የሆነው ፎቶን ደግሞ ይገባል፤ ነገር ግን ትርፉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሠፈር አለ። ስሙ ራሱ ለምሳሌ ይመቸናል። ከፍ ባለ ቦታ ላይ የተሠራ የውሃ ማጠራቀሚያ ብናስብ፥ ከአፉ በላይ የሚመጣ ምንጭ በራሱ ይገባል፤ ከአፉ በታች የሚፈልቀው ምንጭ ምንም ያህል ቢበዛ አንዲት ጠብታ አያገባም። የበታቹ ምንጭ ጉድለቱ የብዛት ሳይሆን የከፍታ ነው። በታሕተ ቀይ ጨረርና በሲሊኮን መካከል ያለው ነገር ይህን ይመስላል።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንዱ መንገድ የማጠራቀሚያውን አፍ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ማለት ደፉ ዝቅ ያለ ሌላ ከፊል አስተላላፊ መምረጥ። ነገር ግን ደፉ ሲወርድ ከሴሉ የሚገኘው ቮልቴጅ አብሮ ይወርዳል፤ ማጠራቀሚያው ዝቅ ሲል የቧንቧው ግፊት እንደሚቀንስ ማለት ነው። ሌላው መንገድ ማጠራቀሚያውን ባለበት ትቶ የበታቹን ውሃ ከፍ ማድረግ ነው። ያለ ሞተር፥ በራሱ በውሃው ግፊት ብቻ የሚሠራ የፓምፕ ዓይነት አለ፤ ከሚወርደው ውሃ አብዛኛው ጉልበቱን ሰጥቶ ይፈስሳል፥ ጥቂቱ በዚያ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል። ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው የብርሃን ሥራ ይህንኑ ይመስላል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ሽቅብ ለውጥ ብለን እንጠራዋለን።

5. ሁለቱን ደካሞች አንድ ማድረግ

በ1959 ኒኮላስ ብሉምበርገን የተባለው ሊቅ አንድ ሐሳብ አቀረበ። በጠጣር ነገር ውስጥ የገባ አንድ አዮን በአንድ ፎቶን ወደ መካከለኛ ደረጃ ቢወጣ፥ ከዚያም ሳይወርድ ሌላ ፎቶን ቢደርስለት፥ ከሁለቱ ድምር የተገኘውን ጉልበት እንደ አንድ ብርሃን ሊሰጥ ይችላል የሚል ነው። ብሉምበርገን ስለ ፀሐይ ሴል አላሰበም፤ ያሰበው ታሕተ ቀይ ጨረርን የሚቆጥር መሣሪያ ለመሥራት ነበር። እርሱም በሌላ ሥራው በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

በ1966 ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኦዜል ከዚህ የላቀ መንገድ ገለጸ። በዚያው ዓመት በሶቪየት ኅብረት ኦቭስያንኪንና ፌኦፊሎቭ ለብቻቸው ወደዚሁ ደረሱ። መንገዱ እንዲህ ነው። አንዱ አዮን ሁለት ጊዜ ብርሃን እስኪያገኝ ከመጠበቅ ይልቅ፥ ሁለት ጎረቤታሞች አዮኖች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፎቶን ይቀበላሉ። ከዚያም አንዱ ጉልበቱን ለጎረቤቱ አስረክቦ ይወርዳል፥ ጎረቤቱም በዚያ ከፍ ይላል። ለዚህ ሥራ የተመቹት ኤርቢየምና ይተርቢየም የሚባሉት ብርቅ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው የጉልበት ደረጃ እንደ መሰላል እርከን ተራርቆ የተቀመጠ ነው፤ በየእርከኑም ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ለመቆየት ይችላሉ።

በቁጥር ለማየት ያህል፥ ሞገዱ 1,520 ናኖሜትር የሆነ ፎቶን 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት አለው። ለብቻው የሲሊኮንን ደፍ አያልፍም። ሁለቱ ግን በኤርቢየም ውስጥ ሲደመሩ 1.6 ያህል ይሆናሉ። ከዚህ ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ከጠፋ በኋላ ሞገዱ 980 ናኖሜትር ገደማ የሆነ አንድ ፎቶን ይወጣል። የዚህም ጉልበት 1.27 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ስለሆነ ሲሊኮን በደስታ ይቀበለዋል። የስቶክስ ድንበር በዚህ ተሻገረ፤ የጉልበት ጥበቃ ሕግ ግን አልተጣሰም፤ ሁለት ገብቶ አንድ ወጥቷልና።

በሌላ ወገን በ1962 እንግሊዛውያኑ ፓርከርና ሃቻርድ በፈሳሽ ውስጥ በተሟሟ የካርቦን ሞለኪዩሎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አዩ። አንዱ ሞለኪዩል ብርሃኑን ተቀብሎ ጉልበቱን ትሪፕሌት በሚባል ረዥም ዕድሜ ባለው ሁኔታ ለሌላው ያስተላልፋል፤ እንዲህ የተቀበሉ ሁለት ሞለኪዩሎች ሲገናኙ አንደኛው ይወርዳል፥ ሁለተኛው ከፍ ብሎ አጭር ሞገድ ያለው ብርሃን ይሰጣል። ይህ መንገድ የሚፈልገው የብርሃን ጥንካሬ ከብርቅ ንጥረ ነገሮቹ ይልቅ ያነሰ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ሞለኪዩሎቹ በአየር ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የማይወዱ መሆናቸው ነው።

6. ከ1966 እስከ 1996፤ ከዚያም ወዲህ

ዕውቀቱ በ1966 ከተገኘ፥ የሲሊኮን ሴልም ከ1954 ጀምሮ ካለ፥ ሁለቱ ለምን ቶሎ አልተገናኙም? ሽቅብ ለውጥ በመካከሉ ሥራ አልፈታም። የማይታይ የታሕተ ቀይ ጨረር የሚያርፍበትን ቦታ በአረንጓዴ ብርሃን የሚያሳይ ካርድ ተሠርቶበታል፤ ኋላም ለገንዘብ ኖትና ለሰነድ ምስጢራዊ ቀለም፥ ለሕክምና ምርመራም ተፈልጓል። የእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ብርሃን ግን ከጠንካራ መብራት ወይም ከሌዘር የሚመጣ ነው። የፀሐይ ብርሃን በየቀለሙ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ቀለም የሚደርሰው ጥቂት ነው። ታሪኩን ሠላሳ ዓመት ያዘገየው ይህ የጥንካሬ ጉዳይ ይመስለናል።

ምክንያቱ በቀላል ሒሳብ ይገለጻል። ለሽቅብ ለውጥ ሁለት ፎቶኖች በአንድ ሰፈርና በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው። ብርሃኑ ደካማ በሚሆንበት ጊዜ የሚገኘው ውጤት ከብርሃኑ ጥንካሬ ካሬ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ውጤቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ብርሃኑ ወደ ዐሥረኛ ሲወርድ ውጤቱ ወደ መቶኛ ይወርዳል። ተራው የፀሐይ ሴል እንዲህ አይደለም፤ ብርሃኑ ግማሽ ሲሆን ፍሰቱም ግማሽ ነው።

በ1996 ዢባርና ኦዜል ከጓደኞቻቸው ጋር ጋሊየም አርሰናይድ ከሚባል ነገር የተሠራ ሴል ኤርቢየምና ይተርቢየም ባለበት መስታወት መሰል ነገር ላይ አኑረው፥ ሴሉ ለብቻው ሊቀበለው የማይችል ጨረር ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚለወጥ አሳዩ። ብቃቱ 2.5 በመቶ ነበር፤ ጨረሩ ግን እጅግ የጠነከረ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቀድሞ መንገዱን የገለጸው ኦዜል በዚህ ሥራም መገኘቱ የሚያስደስት ነው።

በ2002 ትሩፕከ፥ ግሪንና ቩርፈል በሐሳብ ደረጃ የሚቻለውን አሰሉ። ፍጹም የሆነ ሽቅብ ለዋጭ ከሴሉ ጀርባ ቢደረግ፥ ባልተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ወሰኑ እስከ 47.6 በመቶ፥ ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ቢሰበሰብ እስከ 63.2 በመቶ ከፍ እንደሚል ጻፉ። ቁጥሩ ብዙዎችን አነሣሣ። በ2005 ሻላቭና ጓደኞቹ በሲሊኮን ሴል ጀርባ ኤርቢየም ያለበት ሶዲየም ይትሪየም ፍሎራይድ አድርገው፥ በ1,523 ናኖሜትር ከሚገቡት ፎቶኖች 2.5 በመቶ ያህሉ በኤሌክትሮን እንደሚመለሱ ለኩ። ይህም በሌዘር ነበር። በ2006 ባሉሼቭና ጓደኞቹ በሞለኪዩሎች መንገድ የፀሐይን ብርሃን ሰብስበው አረንጓዴውን ወደ ሰማያዊ ለወጡ። በ2015 ደግሞ በጀርመን አገር ፊሸርና ጓደኞቹ በሁለት ገጹ ብርሃን በሚቀበል የሲሊኮን ሴል ላይ ያገኙትን አወጡ። ከተራው ፀሐይ 94 እጥፍ ያህል በተሰበሰበ ብርሃን የሴሉ ፍሰት በ0.55 በመቶ ጨመረ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማኖር ይገባል፤ በወረቀት ላይ 47.6 በመቶ፥ በላቦራቶሪ ውስጥ በ94 ፀሐይ የ0.55 በመቶ ጭማሪ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንደኛው የተፈጥሮን ወሰን ይናገራል፥ ሁለተኛው የእጃችንን። በዚህ ጉዳይ አንድ የብቃት ቁጥር በተነገረ ጊዜ ሁሉ፥ «በስንት ፀሐይ?» ብሎ መጠየቅ የተማሪ ግዴታ ነው። ከታሪኩ ደጋግሞ ይወጣል ያልነው ጥያቄ ይህ ነው።

7. ሌላው መንገድና የኢትዮጵያውያን ድርሻ

የማጠራቀሚያውን አፍ ዝቅ ማድረግ ብለን የጠቀስነው መንገድም ታሪክ አለው፤ በዚህኛው ኢትዮጵያውያን ስማቸውን አስመዝግበዋል። በስዊድን አገር የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ1961 ለታዳጊ አገሮች የሳይንስ መርዳጃ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። በዚህ እርዳታ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ክፍሎች ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ፖሊመር ላይ ምርምር ሲያደርጉ ቆይተዋል። ሥራው የተካሄደው በሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ከኦሌ ኢንጋኔስ፥ በጎተንበርግ ከቻልመርሱ ማትስ አንደርሶን ጋር በመተባበር ነው።

የእነዚህ ተመራማሪዎች ጥረት አንዱ ክፍል ደፉ ዝቅ ያለ ፖሊመር መሥራት ነበር። ተራው ፖሊመር የሚቀበለው የሚታየውን ብርሃን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሲሊኮን የበለጠ ያባክናል። ሞለኪዩሉ ኤሌክትሮን በሚሰጥና ኤሌክትሮን በሚስብ ክፍል እየተፈራረቀ ሲገነባ ግን ደፉ ይወርዳል፥ ወደ ታሕተ ቀይም ይደርሳል። በ2007 ወንድማገኝ ማሞ፥ ሽመልስ አድማሴና አባይ ጋዲሳ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ አንድ እንዲህ ያለ አዲስ ፖሊመርና ከእርሱ ስለ ተሠራው የፀሐይ ሴል ጽሑፍ አውጥተዋል። የዝቅተኛው ጉልበት ብርሃን ጥያቄ እንግዲህ ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ግን ሊዘነጋ አይገባም። ደፍን ዝቅ የሚያደርገው ሰው ብዙ ፎቶን ያገኛል፥ ቮልቴጅ ይከስራል። ሽቅብ የሚለውጠው ሰው ቮልቴጁን ይጠብቃል፥ ነገር ግን የብርሃን ጥንካሬ ይፈለግበታል። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ደፋቸው የተለያየ ሁለት ሴሎችን መደራረብ ነው። የላይኛው ጉልበታሙን ፎቶን ይወስዳል፥ የታችኛው ያለፈውን ይቀበላል። ፔሮቭስካይት የሚባለውን በሲሊኮን ላይ በመደረብ በ2023 በላቦራቶሪ 33.9 በመቶ ተገኝቷል። ይህም ለአንድ ሴል ከተሰላው ወሰን በጥቂቱ የሚበልጥ ነው። ዛሬ በውድድሩ የቀደመው ይህ ሦስተኛው መንገድ መሆኑን መሸሸግ አይገባም።

8. የደሴና የኮምቦልቻ ፀሐይ

ይህ ሁሉ ለወሎ ምን ይጠቅማል? የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን የፀሐይ ሰሌዳ ለገጠር መብራት መዋል የጀመረው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንድ መንደር የተተከለው 10.5 ኪሎ ዋት ለ300 ያህል ቤቶች ብርሃን ሰጥቷል፤ በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውሃ ፓምፕና ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደርጓል። በኋላም በሰሜን ሸዋ ሬማ በተባለው ቀበሌ ብዙ ቤቶች በየራሳቸው አነስተኛ ሰሌዳ መብራት አግኝተዋል። ደሴና ኮምቦልቻ በዋናው መስመር የሚጠቀሙ ከተሞች ናቸው፤ ሆኖም በ2021 መጨረሻ በጦርነቱ ጊዜ መብራት ሲቋረጥባቸው፥ ከመስመሩ ውጭ የሚገኝ ኀይል ዋጋው ምን እንደሆነ ሕዝቡ በገዛ ቤቱ ተምሯል። ስለዚህ የሰሌዳ ብቃት ጉዳይ የላቦራቶሪ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

አሁን ጥያቄያችንን እናንሣ፤ በእኛ አንድ ፀሐይ ውስጥ ስንት ታሕተ ቀይ አለ? ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መንገድ ርቃ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ታሕተ ቀይ ጨረርን በየክፍሉ ይውጣል፤ በተለይ በ1,400 እና በ1,900 ናኖሜትር አካባቢ የሚውጠው ብዙ ነው። ኤርቢየም የሚወደው 1,520 ናኖሜትር ግን በሁለቱ መካከል ባለው ክፍት መስኮት ውስጥ ይውላል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፥ የውሃ ተኑም ይቀንሳል፤ እንግዲህ በቧንቧ ውሃ ሠፈር ላይ የሚወርደው የረዥም ሞገድ ጨረር በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ከሚወርደው እንዲበልጥ ፊዚክሱ ያስጠብቃል። በበጋና በክረምት መካከልም ልዩነት መኖሩ አይቀርም። ክረምት ላይ ደመና ሲጋርድ ሽቅብ ለዋጭ በካሬው ሕግ ስለሚጎዳ፥ ከተራው ሴል ይልቅ እርሱ ይሰንፋል።

ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሲሊኮን ራሱ ከ1,100 ናኖሜትር በላይ ያለውን ጨረር የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው። ጥቁር ቀለም የተቀቡ ሁለት ተመሳሳይ ቴርሞሜትሮች ነፋስ በማይገባባቸው ሁለት ሣጥኖች ውስጥ ይቀመጡ፤ የአንደኛው መስኮት ተራ መስታወት፥ የሁለተኛው ገና ሴል ያልሆነ ስስ የሲሊኮን ገበታ ይሁን። ሲሊኮኑ ራሱ ስለሚሞቅ ከቴርሞሜትሩ ራቅ ብሎ፥ በመካከሉም ሌላ መስታወት ኖሮ ይተከል። ብርሃን የማይደርሰው ሦስተኛ ቴርሞሜትር የአየሩን ሙቀት ይንገር። በአንድ ቀን፥ በአንድ ሰዓት፥ በደሴና በኮምቦልቻ ቢነበብ፥ የሁለቱን ከተሞች የሚያልፍ ጨረር በማነጻጸር ለማወቅ ይቻላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ፥ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም በኮምቦልቻ ስላለው፥ ለሁለት ጣቢያ የሚሆን ሰው አይጠፋም። ሄርሸል በ1800 የያዘው መሣሪያ ከዚህ አይበልጥም ነበር።

ንባቡ ለቤት ሠሪውም አንድ ነገር ይነግረዋል። የሚያልፈው ጨረር ከፊሉ በሰሌዳው ጀርባ ተውጦ ያሞቀዋል። የሲሊኮን ሰሌዳ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ከጉልበቱ 0.4 በመቶ ያህል ያጣል። በሞቃቱ ኮምቦልቻ ሰሌዳውን ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር ሳያጣብቁ፥ አየር እንዲያልፍ ከፍ አድርጎ መትከል፥ 10 ዲግሪ ካቀዘቀዘው 4 በመቶ ያህል ያተርፋል። በ94 ፀሐይ ከተገኘው 0.55 በመቶ ጋር አንባቢ ራሱ ያመዛዝነው።

9. መደምደሚያ

ከዚህ የተነሣ ሽቅብ ለውጥን መናቅ አይገባም። ከስቶክስ ሕግ እስከ ኦዜል 114 ዓመት፥ ከኦዜል እስከ መጀመሪያው ሴል 30 ዓመት ሄዷል፤ የፍሪትስ አንድ በመቶ በዘመኑ ለሥራ የማይበቃ ነበር፥ ዛሬ ግን በላቦራቶሪ የሲሊኮን ሴል ከ26 በመቶ በላይ ይሰጣል። የሚፈለገው ለዋጭ በ94 ሳይሆን በአንድ ፀሐይ የሚሠራ ነው፤ ያንን የሚሠራ ሰው የአንዱን ፀሐይ መጠን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። የፀሐይን ሀብት በመፈክር ስናሞግስ ብዙ ዘመን አልፏል። የእኛ ፀሐይ በየሞገዱ ስንት እንደሆነ መዝግቦ የያዘ ተማሪ ግን፥ የሽቅብ ለውጥ ሥራ የተሳካ ዕለት፥ ለወሎ ይበጃል ወይም አይበጅም ብሎ በቁጥር የሚመልስ እርሱ ይሆናል።